ሴንሲቲቪቲ በብር አይገዛም

ትናንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ "ቲቸር፣ የፐብጂ ሴንሲቲቪቲ ኮድ በ300 ብር ገዝቼ ጭራሽ ባሰብኝ" አለኝ። ሳቅኩም አዘንኩም። ወገን፣ ያ ኮድ የሌላ ሰው ጣትና የሌላ ሰው ስልክ ነው! ሻጩ በአይፓድ የሚጫወት ቢሆንስ? የዚህ ልጅ ስልክ ጋይሮስኮፕ እንኳን የለውም፤ ከገዛው ቁጥር ብዙው ለእሱ ምንም አይሠራም። ደግሞ ኮድ እኮ ጌሙ ውስጥ በነፃ ነው የሚጋራው።

እኔ ያልኩት ይሄን ነው፦ ግራፊክሱን ስሙዝ ላይ አድርግና ፍሬም ሬቱን ስልክህ እስከሚችለው ከፍ አድርገው። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይህም፣ በከንቱ አታሙቀው። ከዚያ ትሬኒንግ ግራውንድ ገብተህ በሬድ ዶት ብቻ ግድግዳ ላይ ተኩስ። ጣትህን ወደ ታች እየሳብክም መሣሪያው ሽቅብ ከሸሸብህ ኤዲኤሱን ትንሽ ጨምር፤ ወደ መሬት ከወረደብህ ቀንስ። እሱ ሳይስተካከል 4 ኤክስን እንዳትነካ። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ! ላብ ውስጥ ይሄንኑ ስጮህ ከኋላ የተኛኸው አንተ አልነበርክም እንዴ?

ሻጩ ብሎክ አድርጎታል።