የቤተሰብ ዐምድ፦ ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ አምፖል

ከጁባ ወደ አዲስ አበባ በስልክ ከሚተላለፉት የባል ምክሮች አንዱ «ሳሎኑ ከጨለመብሽ ከፍ ያለ አምፖል ግዢ» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። በሰፈራችን አምፖሉ በሽቦ ተንጠልጥሎ በግልጽ አየር ስለሚበራ፣ ባለ 100 ዋትም ቢሆን ሙቀቱ በቀላሉ ይበተናል። የቤታችሁ ኮርኒስ ግን እንደዚህ ላይሆን ይችላል።

በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተሠሩት ቪላዎች በአንዳንዶቹ፣ አምፖሉ የሚበራው ኮርኒሱ ውስጥ በተቀበረ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ከተከራይ ወደ ተከራይ ተላልፈዋል። ተከራይ ደግሞ ግድግዳ ይቀባል እንጂ ከኮርኒስ በላይ ያለውን መች ይመረምራል!

የድሮው ባለ ክር አምፖል 60 ዋት ሲወስድ ከ50 ዋት የሚበልጠው ሙቀት ይሆናል። ጣሳው ውስጥ የታፈነው ይህ ሙቀት በየሌሊቱ የሽቦውን የጎማ ልባስ እያደረቀ ይሰነጣጥቀዋል። ኮርኒሱ ከአቡጀዲ ወይም ከደረቅ ጣውላ የተሠራ ከሆነማ እሳት የሚጠብቅ ማገዶ ማለት ነው። ከኮርኒስ በላይ የተነሣ እሳት ከታች ለተኙት ልጆች የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ እኅታችን፣ በመብራቱ ዙሪያ ቀለሙ ቡናማ ከሆነ፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ ወይም አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ፣ ያን መብራት ማብራት ይቁም፤ ባለሙያም ይጠራ። አምፖል ለመቀየር የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ ማመን አይገባም። በአሮጌ ሥራ ማጥፊያው በኒውትራሉ ሽቦ ላይ ተገጥሞ ሊገኝ ስለሚችል፣ መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ኃይል ሊኖረው ይችላል። መጥፋት ያለበት ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ዋናው ነው።

ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ከ8 እስከ 9 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ አምፖል የ60 ዋቱን ያህል ያበራል። እርሱም ቢሆን ታፍኖ ሲሞቅ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ለተዘጋ መያዣ የተሠራ መሆኑ ካርቶኑ ላይ ይታይ። ከጁባ ገበያ ገዝቶ ለመላክ ያሰበ ጓድ ደግሞ፣ የቤቱ መያዣ በጥምዝ የሚገባ ወይም በሁለት ሾህ የሚያዝ መሆኑን አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ።