ሻንጣ ይፈተሽ፤ ሰው አይለይ

ርእሰ አንቀጽ



አዲሱ የትምህርት ዓመት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋ፣ ከሞያሌና ከፊልቱ የሚመጡት አዳዲስ ተማሪዎች የተመደቡበትን ዩኒቨርሲቲ አውቀው በየመናኸሪያው የሚሳፈሩበት ቀን ደርሷል። እነዚህ ልጆች ለማኅበራችን ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ውስጥ ሁለቱ ዘወትር አይቀሩም። አንደኛው «ምን ዓይነት ሻንጣ ልያዝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ነው፤ ይኸውም «በመልካችንና በቋንቋችን የሚጠረጥረን ሰው በግቢው አለ ወይ?» የሚል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ይመስላሉ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በመግቢያው ሳምንት በበሩ ላይ የቆመ ሰው፥ ሁለቱ በአንድ ስፍራ እንደሚገናኙ አይቷል። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዳንዱ ሻንጣ ሳይከፈት ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን እስከ ታች ድረስ ተራግፎ በመሬት ላይ ይዘረገፋል። የማን ሻንጣ እንደሚዘረገፍ ለማወቅ ብዙ መመልከት አላስፈለገም። ሻሽ የተከናነበችው፥ አማርኛው የሚያዳግተው፥ አገሩን ሲጠየቅ የድንበር ከተማ ስም የሚጠራው ከሰልፉ እየወጣ ለብቻው ይቆም ነበር። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፥ እናቷ በጨርቅ ጠቅልላ የሰጠቻትን ቅቤ ከአቧራ ላይ አንሥታ ስትጠርግ አይተናል። ከኋላዋ የነበረው የከተማ ልጅ ትልቅ ሻንጣውን እየጎተተ «እለፍ» ተባለ። ከዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች አንዱም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበር። ምንም ሳይናገር አለፈ። ይህ ርእሰ አንቀጽ የተጻፈው ያን ዝምታ ለመካስ ጭምር ነው።

ፍተሻው ራሱ ስሕተት ነው የሚል ሰው በመካከላችን የለም። ሽብር የትምህርት ቤትን በር እንደማያከብር ከጎረቤታችን አይተናል። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ የአልሸባብ ታጣቂዎች በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰዎች ገደሉ። ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ስደተኞችን በሊቢያ መግደሉን የሚያሳይ ፊልም አሠራጨ። በአገራችን የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ክርስቲያኑና እስላሙም በአንድነት አለቀሰ። ስለዚህ የበሩን ዘበኛ ስለ ፈተሸ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው መለየቱን ነው።

መለየት የማን ሥራ እንደ ሆነ ልብ ብለን እንመልከት። ገዳዩ ከመግደሉ በፊት ይለያል። በጋሪሳ ተማሪው እስላም ወይም ክርስቲያን መሆኑ እየተጠየቀ ነበር የተለየው። ከዚያም ቀደም ሲል፥ ኅዳር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሶማሊያ ድንበሮች በሚገናኙባት በማንዴራ አጠገብ አንድ አውቶቡስ ተይዞ፥ ተሳፋሪዎቹ ተለይተው፥ እስላም አይደሉም የተባሉት 28 ሰዎች ተገደሉ። ከእነዚህም መካከል ለዕረፍት ወደየቤታቸው የሚጓዙ መምህራን ነበሩ። የዚህ ዘዴ ፍሬ በዕለቱ የሚያበቃ አይደለም። የተረፉት በማግሥቱ እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ሲተያዩ፥ ሽብርተኛው ሳይኖር ሥራው ይቀጥላል።

ይህን ሥራ ያቆሙ ሰዎችም አሉ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ፥ ኤል ዋቅ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ወደ ማንዴራ የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ እንደ ፊተኛው ተያዘ። ታጣቂዎቹ እስላሞቹ ከክርስቲያኖቹ እንዲለዩ አዘዙ። ተሳፋሪዎቹ እንቢ አሉ። እስላሞቹ ሴቶች ሻሻቸውን ለክርስቲያን እኅቶቻቸው አካፈሏቸው፤ ከገደላችሁ ሁላችንንም በአንድነት ግደሉ ብለውም ጸኑ። በዚያ ጥቃት ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ታጣቂዎቹ ግን ያሰቡትን እልቂት ሳይፈጽሙ ሄዱ። ከተቃወሙት አንዱ ሳላህ ፋራህ የተባለው በማንዴራ የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበር። በጥይት ቆስሎ በናይሮቢ ሲታከም ከቆየ በኋላ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ዐረፈ። በጀርመን አገር በሐምቡርግ የሚማሩ የፊልም ተማሪዎች ይህንኑ ታሪክ በ2009 ዓ.ም. «ዋቱ ዎቴ» በሚል ስም በፊልም ሠርተውታል፤ ትርጉሙም በስዋሂሊ ቋንቋ «ሰዎች ሁሉ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ጀግንነቱ መልካም ነው፥ ነገር ግን ጥንቃቄ የሚበጀው የሚጠረጠረውን ወገን በመለየት ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ ወንድማችን መልስ የሚሆነው የጋሪሳው ታሪክ ራሱ ነው። ከገዳዮቹ አንዱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ነበር። በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቢቆም የተማረ ሰው ነው ተብሎ በክብር የሚያልፍ ነበር። አባቱ በማንዴራ የመንግሥት ሹም ሲሆኑ፥ ልጃቸው መጥፋቱን አስቀድመው ለባለሥልጣኖች ያስታወቁ ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ፊት ማየት ምንም አልጠቀመም፤ የጠቀመ ነገር ቢኖር የአንድ ሶማሌ አባት እምነት ጥሎ መናገሩ ነበር። ሰውን በወገኑ ብናዋርደው እንዲህ ያለው አባት ሁለተኛ አይናገርም። ከጋሪሳ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በ2006 ዓ.ም.፥ በናይሮቢ ኢስሌ ሰፈር በተደረገው ዘመቻ አብዛኞቹ ሶማሌዎች የሆኑ ብዙ ሺህ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታግተው ነበር። ያ ሁሉ ሰው መያዙ የጋሪሳን እልቂት አላስቀረም።

ወደ አገራችን ስንመለስም ያው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞያሌ ከተማ ወታደሮች ታጣቂ ያገኙ መስሏቸው በንጹሐን ነዋሪዎች ላይ ተኮሱ። ነገሩ በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ መሆኑን መንግሥት ራሱ አስታወቀ፤ ነገር ግን የሞተው ሞቷል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ ተሰደደ። በዚህ ግቢ ካሉት ተማሪዎች መካከል ያን ጊዜ በልጅነታቸው በእናታቸው እጅ ተይዘው የተሻገሩ ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን ተማሪ በበር ላይ ለብቻው ማቆም ምን እንደሚያስታውሰው ማንም ይረዳዋል። ደግሞም በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ ጠቡ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ፥ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ሽብርተኛ አላስፈለገም። በየመኝታ ቤቱ «ይህ የነማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ በቃ።

ስለዚህ ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፥ በበሩ ላይ ሰልፉ አንድ ይሁን። የሁሉም ሻንጣ ይፈተሽ፤ ተማሪም፥ መምህርም፥ እንግዳም ቢሆን አይቀር። ፍተሻው በጠረጴዛ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አይሁን። ሴቶችን ሴት ትፈትሻቸው።

ሁለተኛ፥ በበሩ ላይ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጎሣ አይጠየቅ። የመታወቂያ ወረቀትና የምደባ ማስረጃ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ከአንድ ወረዳ የመጡ ሁሉ በአንድ መኝታ ቤት እንዳይታጎሩ፥ የአልጋ ድልድሉ የተቀላቀለ ይሁን። የሚያሠጋ ነገር ያየ ተማሪ ለጥበቃው ክፍል ወይም ለማኅበሩ ያስታውቅ፤ ነገር ግን የሚያስታውቀው የታየውን ሥራ ይሁን እንጂ የሰውየውን ወገን አይሁን።

አራተኛ፥ መምህራኖቻችንን በትሕትና እንለምናለን። አንድ የሽብር ወሬ በተሰማ ማግሥት በክፍል ውስጥ ስለዚሁ ሲነጋገሩ፥ ዓይናቸውን ወደ አንድ ተማሪ መልሰው «አንተ ምን ትላለህ?» አይበሉት። ወገኖቹን ወክሎ መልስ እንዲሰጥ የሚገደድ ልጅ ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ በኋለኛው ወንበር ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ከሆነ የሚቀረው ተቃውሞ አንድ ነው፤ ሁሉ ከተፈተሸ ሰልፉ አይንቀሳቀስም የሚል ነው። ለዚህ እኛም የምናግዝበት መንገድ አለን። አንድ ተማሪ አራት ፌስታል፥ ሁለት ካርቶንና የታሰረ ጥቅል ይዞ ሲመጣ ፍተሻው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሁሉን በአንድ ሰፊና ቶሎ በሚከፈት ሻንጣ ይዞ የመጣ ግን በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። እንግዲህ ወደ ፊተኛው ጥያቄ ተመለስን። ለዕረፍት ወደ ነገሌ ወይም ወደ ያቤሎ የሚወርድ አንባቢ ቀጥሎ ያለውን ለአዲሶቹ እንዲያደርስልን አደራ እንላለን።

ሻንጣ ሲመረጥ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ሆዱ ነው። አዲስ ተማሪ ብርድ ልብስ፥ አንሶላ፥ የትራስ ልብስ፥ የስፖርት ትጥቅና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ እንዲመጣ በጥሪው ይነገረዋል። ብርድ ልብሱ ብቻ ትንሹን ሻንጣ ይሞላዋል። ነገሌ ከፍታዋ 1,500 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ደጋ የተመደበ የቆላ ልጅ በቤቱ ለብሶት የማያውቀውን ወፍራም ሹራብ ይጨምራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ብርድ ልብሳችሁን አጥፋችሁ ወደ ሱቁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከገባ በኋላ የሻንጣው ግማሽ ባዶ ካልቀረ አትግዙት። ስትመለሱ የምትይዙት መጽሐፍና ደብተር እንዳለም አትርሱ።

ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱት፥ ዝጉት። የማንጠልጠያው ስፌት ድርብ መሆኑን ተመልከቱ፤ በአውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ረዳቱ የሚስበው በእርሱ ነውና። ትንንሽ ጎማ ያለው ሻንጣ በከተማ አስፋልት ላይ መልካም ነው፤ በጠጠር መንገድ ላይ ግን ጎማው ቶሎ ይወልቃል። ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቧራም ዝናብም ስለሚያገኛችሁ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሉት። የትምህርት ማስረጃውንና ገንዘቡን በጣሪያው ላይ አታስቀምጡ፤ በትንሽ ቦርሳ ከሰውነታችሁ ጋር ይሁን። ስማችሁን በሻንጣው ላይም ውስጥም ጻፉ።

ከባድ የሆነ አንድ ምክርም አለን። ሳይከፈት የተሰጣችሁን የሰው ዕቃ አትያዙ። የጎረቤት አደራ መቀበል የአገራችን ወግ ነው፤ ወጉም ይቆይ። ሆኖም ዕቃው በፊታችሁ ተከፍቶ፥ በፊታችሁ ይታሰር። ቅን የሆነ ሰው በዚህ አይቀየምም።

ገንዘብ ያጠረውስ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ በቀረ ጊዜ የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበታል፤ ያን ጉዳት ያልወጡ ቤቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። አፉ በደንብ የተሰፋ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ብርድ ልብስና መጽሐፍ ይይዛል። በከረጢት የመጣውን የሚስቅበት ተማሪ ቢኖር ያፈረው ሳቂው ነው። ማኅበሩም ተመራቂዎች ሻንጣቸውን ለአዲሶቹ ትተው እንዲሄዱ፥ በጽሕፈት ቤቱም እንዲሰበሰብ አስቧል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ለነባር ተማሪዎች አንድ ቃል አለን። በመግቢያው ሳምንት በሰልፉ ውስጥ ቆማችሁ አንድ ልጅ ለብቻው ሲወጣ ብታዩ፥ መጣላትም መጮኽም አያስፈልግም። የእናንተንም ሻንጣ ከእርሱ ሻንጣ አጠገብ አኑሩና «የእኔም ይፈተሽ» በሉ። ከኋላችሁ ያለውም እንዲሁ ያድርግ። የኤል ዋቅ ተሳፋሪዎች በጠመንጃ ፊት ያደረጉትን፥ እኛ በጠረጴዛ ፊት ማድረግ ሊያቅተን አይገባም።

የዝግጅት ክፍሉ