ቤት ከመለወጣችን በፊት



ሰሞኑን አንዲት የሁለት ልጆች እናት «ከከተማው ዳር ካለው ቤታችን ለቅቀን ኪራይ ወደሚቀልልን ወደ ጉለሌ ልንገባ አስበናል፤ ባለቤቴ ግን ሠፈሩ አርጅቷል ብሎ ያመነታል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» ስትል ጠይቃናለች። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ በዚህ ዓምድ ልመልሰው ወደድሁ።

እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ። ከዳር ስንኖር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት እገባ ነበር። ልጄን ተኝታ ትቻት ሄጄ ተኝታ አገኛት ነበር። ጉለሌ ስንገባ ሥራ ቦታዬ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆነ፤ እራት አብረን መብላት ጀመርን። ክረምቱ ሲገባ ግን ጣሪያው አፈሰሰ፤ የጭቃው ግድግዳ ረጠበ። ለሰባት አባወራ ያለው መፀዳጃ አንድ ብቻ በመሆኑ ልጄ ሌሊት መውጣት ፈራች። ይህን ሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ እችል ነበር። የጠየቅሁት ግን ኪራዩን ብቻ ነው።

እንግዲህ የቤት ዋጋ ኪራዩ ብቻ አይደለም። ቤቱን አንድ ጊዜ በዝናብ፣ አንድ ጊዜ በምሽት እዩት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ መሆኑን፣ መፀዳጃውን ማን እንደሚያጸዳ ደላላውን ሳይሆን የግቢውን ሴቶች ጠይቁ።

ቀጥሎ የቤቱን ባለቤት እወቁ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌዎች ተሰጥቷል። የቀበሌ ቤት የተከራየ ሰው መልሶ ሊያከራያችሁ አይፈቀድለትም። ሠፈሩ ለልማት የታሰበ መሆኑንም ከወረዳው ጠይቁ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሥፍራ መዛወራቸውን አንዘንጋ።

ውላችሁም በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። «የስድስት ወር ካልከፈልሽ» የሚል አከራይ ቢገጥማችሁ መብታችሁን እወቁ። ልጆች የሚማሩ ከሆነም የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ብትዛወሩ መልካም ነው፤ መሸኛቸውን አስቀድማችሁ አውጡ።

ይህን ሁሉ ስል ከአሮጌ ሠፈር ሽሹ ማለቴ አይደለም። ቀደምቶቹ ሠፈሮቻችን ሸማኔውና የቢሮ ሠራተኛው፣ ያለውና የሌለው በአንድ አጥር ተጎራብተው የኖሩባቸው ናቸው። ዕድሩና ዕቁቡ ከቤቶቹ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ልጄ ሌሊት መውጣት መፍራቷን የሰሙ አንዲት ጎረቤታችን «ሲያስፈልጋት በሬን ታንኳኳ» ብለው ለወራት ባትሪ ይዘው ሸኝተዋታል። በኋላም አባወራዎቹ ገንዘብ አዋጥተን ለመፀዳጃው መብራት አስገባን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል መባሉ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ ጠይቁ፤ የትራንስፖርቱንና የጥገናውን ወጪ ከኪራዩ ጋር ደምሩ። መልሱ ካረካችሁ ግቡ። እኛም «ቤት ለእንቦሳ» እንላችኋለን።