ማመልከቻ መጻፍም ሰደቃ ነው

ሰሞኑን ከአስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ቀረበኝና ‹‹ሼኽ፣ ልጄ የሕግ ተማሪ ናት። ፆሟን ይዛ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ትውላለች። ሳንቲም አይከፈላት፤ ቁርኣን የምትቀራበት ጊዜም አጣች›› አለኝ።

የአባት ጭንቀቱ ገባኝ። ግን ማዕከሉን የሚያንኳኩት እነማን ናቸው? ለልጆቿ ቀለብ የተከለከለች እናት፣ ደመወዟን የተነጠቀች የቤት ሠራተኛ፣ ውርሱ የተበላበት የቲም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል፤ ጠበቃ የሚቀጥሩበት ገንዘብ ግን የላቸውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና በወጣትነታቸው፣ ከነቢይነት በፊት፣ በአብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት የተበደለን ለመርዳት በተገባው ቃል ኪዳን፣ በሒልፈል ፉዱል ተገኝተዋል። መነሻው መካ ላይ የሸቀጡን ዋጋ የተከለከለ የየመን ነጋዴ ነበር። በእስልምና ዘመንም ለዚያ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

የሥራ ልምድ ፈልገው የሚገቡ ተማሪዎችም አሉ፤ ነውር የለውም፤ ኒያ ይታደሳል።

ለዚያ አባት ያልኩትን ለእናንተም ልበል፦ ከሱብሒ በኋላ ከልጅህ ጋር ቁርኣን ቅሩ፤ ከዚያ ልቀቃት። ስለ የቲም ሐቅ ጠዋት የቀራችውን ቀን ትሠራበታለች።