ፍርድ ቤትን የሚንቀው ማን ነው?





በዛሬው ጊዜ በየቢሮውና በየሻይ ቤቱ ደጋግሞ ከሚሰማው ነገር አንዱ «ሰው ፍርድ ቤትን የናቀው ዳኞች ቅጣት ስለሚያቀሉ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በአንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ላይ ግፍ ፈጽሞ የገደላት ሰው 25 ዓመት እስራት እንደ ተፈረደበት በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በሰፊው በተሰማ ጊዜ፥ ከአገር ዳር እስከ ዳር የተነሣው ጩኸት ይህንኑ አነጋገር አጠናከረው። ከጮኹት አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ወንጀል 25 ዓመት በቂ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም። ሆኖም የአንድ ፍርድ ማነስ አንድ ነገር ነው፤ የፍርድ ቤት መናቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ከየት እንደሚመጣ፥ እዚህ ዓለም ከተማ በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትን ላቅርብ።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ከአንድ ባልደረባችን ልጅ የወለደች ሴት በፍርድ ቤት ተሟግታ ረታች። ፍርድ ቤቱም ከሰውየው ደመወዝ በየወሩ የልጅ ቀለብ እየተቆረጠ እንዲሰጣት ለመሥሪያ ቤታችን በደብዳቤ አዘዘ። ደብዳቤውን ተቀብዬ፥ በገቢ መዝገብ ላይ ቍጥር ሰጥቼ ለኃላፊው ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ኃላፊው ከግርጌው «ይቆይ» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። እኔም ፋይል ውስጥ አኖርሁት። ያዘዘው ፍርድ ቤት ነው፤ «ይቆይ» ያሉት ግን የእኔን የደመወዝ ጭማሪ የሚፈርሙት ሰው ናቸውና።

ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ከወንጪት ቆላ ዳገቱን እየወጣች በየወሩ ትመጣ ነበር። «ጋሼ፥ ወረቀቱ አልደረሰም?» ትለኛለች። «እናያለን እኅቴ» እላታለሁ። ሰባት ወር ሙሉ «እናያለን» አልኋት። በመጨረሻ ተመልሳ ለፍርድ ቤቱ አቤት አለች። ፍርድ ቤቱም ኃላፊውን ቢጠራ፥ በመጀመሪያው ቀጠሮ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፥ በሁለተኛው «መስክ ወጥተዋል» የሚል መልስ ተላከ። በሦስተኛው ቀረቡ፤ እጅ ነሥተው፥ «ክቡር ፍርድ ቤት» እያሉ በትሕትና ተናገሩ። ዳኛውም ገሥጸው 500 ብር ቀጧቸው። ኃላፊው ወደ ቢሮ ሲመለሱ ገና ከደጅ ጀምረው እየሣቁ «የሁለት ቀን አበል ናት!» አሉ። እኛም አብረን ሣቅን።

በዚያው ዕለት በዚያው ችሎት ሌላ ነገርም ሆኖ ነበር። አንድ ገበሬ በመሬት ድንበር ክርክር ተረትቶ፥ ብትሩን መሬት ላይ እየመታ «ይህ ፍርድ አይደለም! እግዚአብሔር ይየው!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩና «ውጣና ነፋስ ተቀብለህ ተመለስ» አሉት። ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያለ ቅጣትም ተለቀቀ። «ዳኛው ልል ናቸው፤ ለዚህ ነው የሚደፈሩት» ብለው ያሟቸው ብዙዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ያ ገበሬ በሳምንቱ ድንበሩን ለቀቀ። እጅ የነሡት ኃላፊ ግን ትእዛዙን አልፈጸሙም። እንግዲህ ከሁለቱ ፍርድ ቤትን የናቀው ማን ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 449፥ በችሎት ፊት ዳኛን የሰደበ፥ ያፌዘበት ወይም ያወከ ሰው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ሲጻፍ 3,000 ብር የብዙ ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኖአልና፥ ያ ገንዘብ ዛሬ የዝቅተኛው ሠራተኛ የ15 ቀን ዋጋ ነው። መቀጮው ይሻሻል የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው። ግን 3,000ው 30,000 ቢሆን፥ «ይቆይ» የተባለው ደብዳቤ ከፋይሉ ይወጣ ነበርን?

አባቶቻችን ፖሊስ በሌለበት ዘመን መንገደኛውን ዳኛ አድርገው፥ ነጠላቸውን አቋጥረው ወደ ችሎት ይሄዱ እንደ ነበር የምናውቀው ነው። (የዛሬ ወጣት ተረት ይመስለው ይሆናል።) «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ዱላውን አየር ላይ ይዞ ይቆም ነበር። ያ ዘመን ሁሉ ደግ ነበር አልልም፤ የአገሩ ገዥ ራሱ ዳኛ በሆነበት ቦታ ድኻ ምን ያህል ይበደል እንደ ነበር ሽማግሌዎች ነግረውናል። ነገር ግን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ» ብሎ የተረተው ይኸው ሕዝብ ነው። በቅሎውን ተፈርዶበት ቢያጣ የሚታገሥ ሰው፥ ተፈርዶለት ጭብጦውን ሲነፈግ ግን አይታገሥም።

ንቀቱ ከወረዳ መሥሪያ ቤት አልፎ ከበላይም ሲመጣ አይተናል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ፥ በሙስና ተጠርጥረው የተያዙት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ስዬ ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም የሚለው እዚህ አያገባንም። በዚያ ቀን በፍርድ ቤቱ ደጅ የቆመ ሰው፥ የዳኛ ቃል ከበሩ ማዶ እንደማያልፍ ተምሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

በደቡብ አፍሪካም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፥ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ ያዘዘውን ስላልፈጸሙ፥ በሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የ15 ወር እስራት ፈረደባቸው። በመታሰራቸው ምክንያት በተነሣው ሁከት ከ300 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ሁለት ወር ያህል ታስረው በሕመም ምክንያት ተለቀቁ፤ ፍርድ ቤት ይህ አለቃቀቅ ከሕግ ውጭ ነው ቢልም፥ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ ወኅኒ ተመልሰው በተመዘገቡበት ቀን በምሕረት ወደ ቤታቸው ሄዱ። 15 ወር ከባድ ቅጣት አይደለም። ፍርድ ቤቱን ያሳነሰው ግን 15ቱ ወር ሁለት ወር ሆኖ መቅረቱ ነው።

እንዲህ ስል ቅጣት ማቅለል ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ያገባ እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጠላፊውን 10 ዓመት፥ ግብረ አበሮቹን 8 ዓመት ቀጣ፤ ይግባኝ ሰሚው ግን በ1996 ዓ.ም. ልጅቱ ወዳ ነው በሚል አስተያየት ሁሉንም ለቀቃቸው። ነገሩ እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደርሶ፥ ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ለተበዳይዋ 150,000 ዶላር እንዲክስ ወሰነ። እንዲህ ያለው ማቅለል የተበዳይን ቃል ከምንም አለመቍጠር ነው፤ ሕግን ያፈርሳል የሚሉት በዚህ ላይ አልተሳሳቱም። በ1996ቱ ሕግ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኗል፤ ጋብቻውም ጠላፊውን ከክስ አያድነውም።

ስለዚህ ዳኛ ሲያቀል ለምን እንዳቀለ ጽፎ ለተበዳዩም ለተከሳሹም ያሳይ እንጂ፥ ማቅለሉ ራሱ አያስነቅፈውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ቁጥር 1፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥር 2 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው አንዱ ዳኛ ሁለት ዓመት፥ ሌላው ለዚያው ጥፋት ስምንት ዓመት እንዳይፈርድ ብሎ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ስለ መመሪያው ስንከራከር፥ በጠረጴዛችን ላይ ያለውን የፍርድ ቤት ደብዳቤ እንረሳለን። ለምስክርነት ተጠርቶ «ሥራ በዛብኝ» ያለ ስንቱ ነው? ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ክልላችን ባለበት ግጭት ለብዙ ባላገር ወደ ችሎት መምጣት ራሱ ፈተና ሆኖበታል። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው ፍርድ ይዞ ሲመለስ፥ «ይቆይ» የምንለው እኛ ነን።

የዚያች ሴት ነገር መጨረሻው ይህ ነው። ዳኛው መቀጮውን ከጣሉ በኋላ መዝገቡን አልዘጉትም። ሌላ ቀጠሮ ሰጥተው፥ ገንዘብ ያዡ ፔሮሉን ይዞ እንዲቀርብ፥ ኃላፊውም አብረውት እንዲመጡ አዘዙ። በቀጠሮው ቀን ፔሮሉን መስመር በመስመር ተመለከቱት፤ አልተቆረጠም። ለሳምንት ቀጠሩ። ያን ጊዜ ኃላፊው ወደ ቢሮ ሲመለሱ አልሣቁም፤ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቼ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። የሰባት ወሩ ውዝፍ በሦስት ጊዜ ተቆርጦ ተከፈለ። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ልትቀበል የመጣች ቀን ልጇን አላዘለችውም፤ በእግሩ እየሄደ ነበር የመጣው። እኔም በወጪ መዝገብ ላይ ቍጥር እየሰጠሁ፥ ቀና ብዬ አላየኋትም።

አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከዓለም ከተማ