ዐይኑ ዐ በኩዌት



ስለ ቅዱስ ያሬድ በተሰበከ ቁጥር ከዛፉ እየወደቀች ደግማ ስለምትወጣው ትል ሳንሰማ አንቀርም። ትሏ ቀለም አልገባ ላለው ተማሪ ሁሉ መጽናኛ ሆና ኖራለች። ከዚያ ታሪክ የተረሳ አንድ ሰው ግን አለ፤ እርሱም አጎቱ ጌዴዎን ነው። ልጁ ተገርፎ ከጉባኤው በኮበለለባት ቀን መምህሩ ምን አሰበ? እህል ቀመሰን? ወደ መንገድ ወጥቶ ተመለከተን? እኛ በዚህ ገዳም ስንማርም ስናስተምርም ከአርባ ዘመን በላይ ስንቆይ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ምእመናን ጠርተውን፣ አበ ምኔታችንም ፈቅደውልን፣ ወደ ኩዌት ለአገልግሎት ከሄድን በኋላ ነው።

በእኛ ጉባኤ ቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ መምህር የመጀመሪያ ቀን የለውም። በንባብ ቤት ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው ቀለም ይነግራል፤ በቅኔ ቤት የበረታው አስነጋሪ ሆኖ ለታናናሾቹ ያስነግራል። እንዲህ እየተባለ ከዓመታት በኋላ ሰው ራሱን በየኔታ ወንበር ላይ ያገኘዋል፤ መቼ እንደተቀመጠ ግን አያውቀውም። በኩዌት ያገኘናቸው ሦስት አዳዲስ መምህራን ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። ማስተማር የጀመሩት በመስከረም ነው፤ የጀመሩበትን ቀን፣ ሰዓቱንም ሳይቀር፣ ያስታውሱታል።

ኩዌትን ላላያችሁ ጥቂት እንበል። በዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት የምንለው በዚያ የሚውለው በዓርብ ነው፤ መጀመሪያ ስንሰማ ፈገግ ብለን ነበር፤ በኋላ ግን ዓርብ ስንት ዋጋ እንዳለው ስናይ ፈገግታችንን ሰበሰብን። ከወገኖቻችን የሚበዙት በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጣቸው፣ የቀን ሥራቸውም ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይደነግጋል። ሕጉ መኖሩ ደግ ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ሴት ዕረፍቷን የምታየው የቤቱ እመቤት በሩን ስትከፍትላት ነው። እንግዳ ከመጣ ወይም ሕፃን ካመመው ዓርቡ ይቀራል። ያገኘችው ደግሞ ከፈሐሂል ተነሥታ በባሕሩ ዳር መንገድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛ ትመጣለች።

የሚሰበሰቡት በሐወሊ በአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ባለች ክፍል ነው። ጸሎቱ ሲፈጸም ምንጣፉ ይጠቀለላል፤ የፊደሉ ገበታ በግድግዳው ይሰቀላል፤ ክፍሏም ትምህርት ቤት ትሆናለች። ተማሪዎቹ ሃያ የማይሞሉ ሕፃናት ናቸው። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ሲሆኑ ከፊሎቹ በእንግሊዝኛ፣ ከፊሎቹ በዐረብኛ በሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይውላሉ። አማርኛን ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን በሌላ ልሳን ነው።

በሁለተኛው ዓርብ ማታ፣ ምስር በዳቦ ቀርቦልን ስንበላ፣ ሦስቱን መምህራን፦ «የመጀመሪያዪቱን ቀን ንገሩን» አልናቸው።

በፈርዋኒያ በሸቀጥ መጋዘን የሚሠራው ወንድም ቀድሞ ተናገረ። «አባታችን፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርሁት። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231ዱን ሁሉ፣ በአንድ ዓርብ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ገና ‹መ› ላይ ሳልደርስ ግማሾቹ አንቀላፉ። አንዱ ልጅ ደግሞ ደብተሩን ከቀኝ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ግራ ይጽፋል። ያን ጊዜ ያስተማሩኝ የየኔታ ድምፅ ከሆዴ ወጣ፤ ጮኽሁበት። ልጁ እኮ በትምህርት ቤቱ እጁ የለመደውን ነው ያደረገው፤ ዐረብኛ የሚጻፈው ከቀኝ ነው። ይህ የገባኝ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ነው። በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣም። እናቱን ብጠይቃት ‹ተኝቶ ነው› አለችኝ። ሦስት ዓርብ ተኛ።»

እኛም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በአራተኛው ዓርብ ወደ ቤታቸው ሄዶ፣ በልጁ ደብተር ላይ ራሱ ከቀኝ ወደ ግራ ስሙን በዐረብኛ ለመጻፍ ሞክሮ፣ ልጁ እስኪስቅበት ድረስ ተሳስቶ እንደመለሰው ነገረን።

ሁለተኛው ዲያቆን ነው፤ ንባብ ቤት ያደገ። የእርሱ ጭንቀት አጭር ነበረ። እኛ መልእክተ ዮሐንስን ስናነብ ትርጓሜውን የጠየቀ አልነበረም፤ ንባቡ ይቀድማል፣ ምሥጢሩ በጊዜው ይመጣል ተብለን አደግን። የኩዌት ሕፃናት ግን በየቃሉ «ምን ማለት ነው?» ይሉታል። እርሱም ስንት ቃል ሳይገባው ሲያነብ እንደኖረ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛዋ በሳልሚያ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ናት፤ በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያ ቀን ገና ስትገባ ሕፃናቱ «አብላ» ብለው ጠሯት፤ በዚያ አገር ተማሪዎች ሴት መምህርን የሚጠሩበት ቃል ነው። እርሷም ሰላምታቸውን ሳትመልስ በሰሌዳው ላይ «እዚህ ዐረብኛ አይነገርም» ብላ ጻፈች። «ለምን ጨከንሽ ልጄ?» አልናት። «አባታችን፣ ስድስት ቀን ሙሉ የምሰማው ዐረብኛ ነው። ዓርብን የምፈልገው እርሱን ላለመስማት ነበር» አለችን። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃትም።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም እርሱ ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጠን ትምህርቷን አዳመጥን። የአካል ክፍሎችን ስም ታስተምር ነበር። «ራስ»፣ «እጅ» ብላ ጽፋ ቀጥላ «አይን» ብላ በአልፋው አ ጻፈች። በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፋል፤ ንባቡም አይለወጥም። እኛ ግን የዕድሜ ልክ ልማዳችን ከወንበር አስነሣን። ሕፃናቱ እያዩ፣ «ልጄ፣ ዐይን በዐይኑ ዐ ነው እንጂ በአልፋው አይደለም፤ መምህር ሲሳሳት ደቀ መዝሙር ይጠፋል» አልናት። አልፈንም ስለ ሞክሼ ፊደላት ረጅም ነገር ተናገርን። በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ወሰደ ማለት መሆኑን፤ መሀረ በሀሌታው ሀ አስተማረ፣ መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ መሆኑን አስረዳን። በዚያች ዓርብ እኛ ራሳችን ሀሌታውን ይዘን ሐመሩን ጥለን እንደነበር አላስተዋልንም። እኅታችን «አይን» የሚለውን በመዳፏ አጥፍታ ዝም ብላ ቆመች።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ እጁን አነሣ። «አባ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከተነበቡ ለምን ሁለት ሆኑ?» አለ። «አባቶቻችን እንዲህ አስረከቡን» አልነው። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ በሰሌዳው የተጻፈውን ትእዛዝ በፍርሃት እያየ፣ «በዐረብኛ እኮ ዐይን ነው» አለ። ቃሉን ከጉሮሮው ጥልቀት አውጥቶ ነው የተናገረው፤ ከእኛ ‹አ› ጋር የማይገናኝ ድምፅ። ዝም አልን። ከትግራይ የመጡ ወንድሞቻችን በመዝሙረ ዳዊት ሲያዜሙ የምንሰማው ያ ድምፅ ነበር። እኛ በአማርኛ አንደበት ያደግነው ፊደሉን በዐይናችን ጠብቀን በአፋችን የጣልነውን፣ በሐወሊ ምድር ቤት አንድ ሕፃን በምላሱ ይዞት ተገኘ። ወዲያው ሌላዋ ልጅ ቀጠለች፤ ሠረቀንና ሰረቀን ከእኛ ሰምታ «ሸረቀ፣ ሰረቀ» አለች፤ በዐረብኛ የፊተኛው የፀሐይ መውጣት፣ የኋለኛው ሌብነት ነው። ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ዞር ስንል መምህርቷ ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ ነበር።

ይህ ለሊቃውንቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ሲቀመጡ ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን ከግእዙ ጋር እያስተያዩ ነው መዝገበ ቃላታቸውን ያደራጁት። ሥራውን ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተቀብለው ቀጠሉ፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት አረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደክመውበት በ1948 ዓ.ም ታተመ። መጽሐፉ በመደርደሪያችን አለ። ብዙ ጊዜ ገልጠነዋል። ሆኖም ሐሊብ ብለን ወተትን፣ ኀምስቱ ብለን አምስትን ስናነብ፣ ዐረቡ «ሐሊብ»፣ «ኸምሳ» ብሎ በየገበያው እንደሚጠራቸው ልብ ብለን ጆሯችንን አቅንተን አናውቅም ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ንባብ ይለወጥ ማለታችን አይደለም፤ የምናነበው እንደተቀበልነው ነው። ነገር ግን ሕፃን «ለምን ሁለት ሆኑ?» ሲል የሚመለስለት መልስ መኖሩን እንናገራለን።

በአራተኛው ዓርብ እኅታችን አልመጣችም። አሠሪዎቿ የከለከሏት መስሎን ዝም አልን። በኋላ አንዲት ጓደኛዋ ስታፍር ስታፍር፣ «በአባታችን ፊት ዳግመኛ አልጽፍም ብላለች» አለችን። ያን ሌሊት ነው ጌዴዎን ትዝ ያለን።

ሰኞ ማታ፣ የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ በሚሆንላት ሰዓት፣ በስልክ ደወልንላት። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅን። እርሷም «ኧረ አባቴ፣ እርስዎ እኔን ይቅርታ?» ብላ አለቀሰች። ቀጥለን የልጁን ነገር አነሣን፤ «ያን ድምፅ እኛ አናወጣውም፤ አንቺ ግን ስድስት ዓመት በዚያ ልሳን ውስጥ ኖረሻል፤ ከእኛ ይልቅ አንቺ ታስተምሪዋለሽ» አልናት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አባታችን፣ እኔ ያን ድምፅ የማውቀው ‹ተዓሊ› ስባል ነው» አለች። በዚያ አገር ሴትን «ነይ» የሚሉበት ቃል ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰማው አልነገረችንም፤ እኛም መልስ አላገኘንላትም። ጸሎተኛ ነን ባዮች በስልኩ ጫፍ ቃል አጥተን ተቀመጥን። «እንጃ፤ በሩ ከተከፈተልኝ እመጣለሁ» ብላ ዘጋች።

በአምስተኛው ዓርብ፣ እኛ ልንመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ዘግይታ መጣች። ወደ እኛ አልተመለከተችም። «እዚህ ዐረብኛ አይነገርም» የሚለው ጽሑፍ ከሰሌዳው ጥግ እስከዚያ ቀን አልጠፋም ነበር፤ እርሷም አላጠፋችውም። ከበታቹ ግን በትልቁ «ዐይን» ብላ በዐይኑ ዐ ጻፈችና ያን ልጅ ጠርታ አቆመችው። «እንዴት ነው የምትለው?» አለችው። ልጁ ትእዛዙን አየ፤ እርሷን አየ፤ ተናገረ። እርሷም ከእርሱ ጋር ተናገረች። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው በየተራ አሉት፤ ገና አራት ዓመት የሆናት ሕፃን ስትሞክር ሳል ያዛት፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህርቷም ሳቀች። «ለሚቀጥለው ዓርብ እያንዳንዳችሁ በዐረብኛ የምታውቁትን፣ የእኛን የሚመስል አንድ አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ» ብላ ትምህርቱን ፈጸመች።

ባለፈው ወር ከኩዌት ለመሳለም የመጡ ምእመናን የእርሷን ደብዳቤ ይዘውልን መጡ። ሕፃናቱ ያመጧቸውን ቃላት በሁለት ገጽ ጽፋቸዋለች፤ ሰማይ፣ ነፍስ፣ ቤት፣ ራስ፣ ዐሥር አሉባቸው። አንዳንዶቹ በእርግጥ አንድ ሥር ያላቸው ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ግን በመልክ ብቻ የተገናኙ ስለሆኑ ለይተን ምልክት አድርገንባቸዋል። ይህን ጊዜ እርማታችንን በሌላ ወረቀት ጽፈን፣ አሽገን፣ በስሟ ነው የላክነው። ለጥምቀት መጥታችሁ ወደ ኩዌት የምትመለሱ ከገዳሙ ጽሕፈት ቤት ተቀብላችሁ ታደርሱላት ዘንድ እንለምናለን። በደብዳቤዋ መጨረሻ ስለ ፀሐዩ ፀና ስለ ጸሎቱ ጸም ጠይቃለች፤ ያ ልጅ ለሁለቱም የሚሆን ልዩ ልዩ ድምፅ አለኝ ይላል። መጽሐፉን ገልጠን ተቀምጠናል።