ሊንክድኢን ላይም ሳፉ አለ



ዛሬ መግለጫ አይደለም። ስለ እንጀራ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የትግሉም ጉዳይ እዚሁ ውስጥ አለ።

ተመርቀሃል። ከአምቦ ዋናው ግቢም ይሁን ከጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ ዲግሪህን ይዘህ ወጥተሃል። ቤት ተቀምጠህ የሥራ ማስታወቂያ ስታሳድድ አንድ ጓደኛህ «ሊንክድኢን ክፈት» አለህ፤ ከፈትክ። ከዚያስ? ባገኘኸው ሰው ሁሉ ላይ «ኮኔክት» ተጫንክ። አንዱ ሲቀበልህ ወዲያው ኢንቦክስ ገብተህ «ሰላም» አልክ። ዝም ሲልህ ሁለት የጥያቄ ምልክት ላክህ። በሦስተኛው ቀን «ወንድሜ የኛ ልጅ ስለሆንክ ነው፣ ሥራ አስገባኝ» ብለህ ጻፍክ። እሱም ብሎክ አደረገህ። አንተም «የኛ ሰው ሲያልፍለት ይረሳናል» ብለህ ፖስት ለጠፍክ።

እውነቱን እንነጋገር። ያ ሰው የረሳህ ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ መልእክት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደርሰው አስበው። አንተ በሩን በቡጢ ስትመታ፣ ከኋላህ የምትመጣው እህትህ በትህትና ብታንኳኳም የሚከፍትላት አይኖርም። ጉዳዩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። አንተ ያበላሸኸው የሁላችንም ስም ነው።

እኛ ሳፉ የሚባል ነገር ያለን ሕዝብ ነን። ታላቅን አክብሮ መናገር፣ ሳይጠሩ አለመግባት፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ጉዳይ አለመጀመር፤ ይህን ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም። ታዲያ ጉደር ገበያ ላይ የማታደርገውን ስልክህ ላይ ለምን ታደርገዋለህ? ሽማግሌ ቤት ሄደህ «ሰላም» ብለህ ዝም ትላለህ እንዴ? ማን እንደሆንክ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ምን እንዳመጣህ ትናገራለህ። ሊንክድኢንም ያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄ ስትልክ አጭር ማስታወሻ ጨምርበት። እንዲህ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በእፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ስለ ቢራ ገብስ የጻፉትን አነበብኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በዚያው ላይ ስለነበር ጠቀመኝ። ቢቀበሉኝ ደስ ይለኛል።» በቃ! እዚህ ውስጥ ልመና የለም። ሲቀበልህ አመስግን። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ በሁለት መስመር ሊመለስ የሚችል። «በዘር ጥራት ቁጥጥር ለመሥራት አስቀድሜ ምን ባውቅ ይሻለኛል?» የሚለውን መመለስ ለማንም አይከብድም። «ሥራ ስጠኝ» የሚለውን ግን ብዙ ሰው ሊመልስህ ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ ቀጣሪው እሱ አይደለምና። ካልመለሰልህ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውስ፤ ከዚያ ተወው። የማያውቁህ ሰዎች «ይህን ሰው አላውቀውም» ብለው ሲበዙብህ ድርጅቱ ራሱ አካውንትህን ይገድበዋል። ሐሳቡን ብቻ መከታተል የምትፈልገውን ሰው «ፎሎው» ማድረግ ይበቃሃል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። «የኛ ልጅ ነህ» የምትለዋ ቃል። በ2006 ሚያዝያ አምቦ ላይ፣ በ2008 ኅዳር ጊንጪ ላይ የተነሳው ጥያቄ የመሬትና የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ልጆቻችን የወደቁት በዘመድና በጉቦ የሚሠራው አሠራር በሌላ ዘመድ እንዲተካ አይደለም። ዛሬ አንተ ኢንቦክስ ገብተህ ብሔርህን እንደ መግቢያ ካርድ ካሳየህ፣ የተቃወምከውን ነገር በራስህ እጅ እየሠራኸው ነው። ሀገር ልጅነት ሰላምታ ለመስጠት ጥሩ ምክንያት ነው። ለመቀጠር ግን የምታሳየው ሥራህን ነው።

ሌላም ነገር አለ። እርስ በርስ ብቻ መተዋወቅ ሥራ አያመጣም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን በሩቁ ከምናውቀው ሰው እንደሆነ አሳየ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ፈትኖት ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ የሰፈርህ ልጅ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። አዲስ ወሬ ያለው ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ናይሮቢ ካለው ሰው ዘንድ ነው። ሕዝብህን መውደድ ከሌላው ጋር አለመተዋወቅ አይደለም። እንዲያውም የጉደር ልጅ ምን እንደሚችል ሌላው እንዲያውቅ የምታደርገው በዚህ ነው።

ለወንዶች ብቻ አንዲት መስመር፦ ቀሬ ሥራ ፈልጋ በከፈተችው ገጽ ገብተህ «ፎቶሽ ያምራል» አትበል። ነውር ነው። ስንት እህቶቻችን በዚህ ምክንያት ገጹን ዘግተው ወጥተዋል።

ለሁላችሁም፦ ሥራ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። «ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ አለ» ተብለው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማይንማር ውስጥ በማጭበርበሪያ ካምፕ ታግተው በ2017 የካቲት በመቶዎች ሲለቀቁ ሰምታችኋል። ኩባንያው በእርግጥ መኖሩን፣ ሰውየው እዚያ መሥራቱን ሳታጣሩ ፓስፖርታችሁን ለማንም እንዳትልኩ!

ስድብም ተጠንቀቁ። ሊንክድኢን ላይ የጻፋችሁት ኮመንት ገጻችሁ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ቀጣሪ ከፍቶ ያነበዋል። ማንነታችሁን ደብቁ አላልንም። አፋን ኦሮሞ ትችላላችሁ? በቋንቋ ክፍሉ ላይ ጻፉት፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ችሎታ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጉደሩ ካምፓስ በስሙ የተጠራው ማሞ መዘምር የታገለበት የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ስልክ በየቤቱ አልነበረም። ገበሬው፣ መኮንኑ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ተገናኝተው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት ተነሱ። ያንን ያሰባሰበው ኢንተርኔት ሳይሆን መተማመን ነው። ደቦም እንደዚያው ነው፤ የሰው ማሳ ላይ ያልዋለ ሰው የራሱ አዝመራ ሲደርስ ማንም አይመጣለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ስጥ። ለጓደኛህ የሚሆን ማስታወቂያ ስታይ ላክለት። የሰው ጥሩ ሥራ ስታይ መስክርለት።

ሥራ ላይ ያላችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ፦ «አልችልም» ማለትም መልስ ነው። ሁለት ቃል ጻፉላቸው። እናንተም ትናንት በር ላይ ቆማችሁ ነበር።

በዚህ ሳምንት ሁላችንም፦ ፕሮፋይላችንን እናስተካክል፣ ሦስት የታሰበበት መልእክት እንላክ፣ ከዚህ በፊት የረዳንን አንድ ሰው እናመስግን። ከዚያ ያገኛችሁትን መልስ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ተመርቆ ቤት ለተቀመጠ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።